ለመርዶ ነጋሪዋ ማን ይንገራት

ከዊንጌት ከፍ ብሎ ወደ ተራራው በሚወጣው የጉለሌ ሰፈር፣ የዓለምወርቅን በማለዳ ነጠላዋን ተከናንባ ስትሄድ ያየ ሰው ክው ይላል። ወደ ማን ቤት ይሆን እያለ በር ላይ ቆሞ በዓይኑ ይሸኛታል። ወደ እሱ ቤት ሳትታጠፍ ካለፈች ተመስገን ይልና፣ ወዲያው ደግሞ በጎረቤቱ ላይ ተመስገን ማለቱ ያሳፍረዋል። እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ስለዚህ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ እንኳ ዘንቢሏን ሰው እንዲያየው ከፍ አድርጋ ትይዛለች፤ ያፈጠጠባት ካለ ደግሞ «ዳቦ ነው እባክህ፣ ዳቦ» ብላው ታልፋለች።

የዓለምወርቅ መርዶ ነጋሪ ናት። ማንም አልሾማትም፣ ማንም አይከፍላትም። እንጀራዋ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ውስጥ ችግኝ ማፍላት ነው፤ ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ አፈር ትሞላለች፣ የዝግባና የኮሶ ዘር ትዘራለች፣ ታጠጣለች፣ ታርማለች። ከእድሩ አባላት አንዱ ሩቅ ቦታ ዘመድ ሲሞትበት ግን የእድሩ ዳኛ ጋሽ ስብሐት በሯን ያንኳኳሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ከቆሙ ለምን እንደመጡ መጠየቅ አያስፈልጋትም፤ የምትጠይቀው ማን እንደሞተና ለማን እንደሚነገር ብቻ ነው።

ነገሩ የጀመረው በራሷ ላይ በደረሰው ነው። ልጆቿ ዮፍታሔና ሮሐ ገና ትምህርት ሳይጨርሱ፣ ባሏ መሸሻ ለሥራ እንደወጣ ቀረ። የጾም ቀን ነበር። እህል ውኃ በአፏ ሳይዞር፣ በቀትር፣ ስልክ ተደወለላትና አንድ የማታውቀው ድምፅ «የሟች የአቶ መሸሻ ቤተሰብ ነሽ?» አላት። የባሏን ሞት የሰማችው በዚህች ጥያቄ ነው። ስልኩን እንደያዘች ወደቀች፤ ዓይኗን ስትገልጥ ትንሿ ሮሐ ፊቷ ላይ ውኃ እየረጨች ታለቅስ ነበር። ብዙ ሰው ብዙ በድሏት ይቅር ብላለች፤ ያንን ባለ ስልክ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም። የውኃ ቆጣሪ የሚያነብ ሰው እንኳ በር አንኳኩቶ፣ ደህና አደራችሁ ብሎ ነው የሚገባው ትላለች።

ስለዚህ የራሷን ሥርዓት አወጣች። መርዶ ማታ አይነገርም፣ ሌሊቱ ለብቻ አይገፋምና። ሊነጋጋ ሲል፣ ጎረቤት ሊነሣ ጥቂት ሲቀረው ነው የሚነገረው። ከዋዜማው ጀምሮ የሚነገረው ሰው ስልክ በሆነ ሰበብ ከእጁ ይወጣል። ግራና ቀኙ ሲወድቅ የሚይዙት ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ። ቃሉ ከአፍ እስኪወጣ ድረስ ማንም ነጠላ አያዘቀዝቅም፣ ማንም አያለቅስም። ትንሽ አሞት ነበር፣ ሆስፒታል ገብቶ ነበር እየተባለ ዙሪያውን አይዞርም፤ የሟች ስም ተጠርቶ አረፈ ይባላል፣ በቃ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እራት አለ። የዓለምወርቅ መርዶ ልትነግር ከመሄዷ በፊት ማታውኑ ወደዚያ ቤት ሰው ልካ፣ ሰውዬው መብላቱን ሳታረጋግጥ አትተኛም። ዮፍታሔ ልጅ ሳለ ለምን እንደሆነ ጠይቋት ነበር። «ነገ አይበላማ» አለችው። «ነገም ከነገ ወዲያም እህል አይዘልቀውም። የሚያቆመው የዛሬዋ እራት ናት።» ልጁ ከዚያ ወዲህ እናቱ ማታ ማታ እከሌ በላ ወይ እያለች ስታጠያይቅ ከሰማ፣ የማንን ለቅሶ እንደሚሰማ አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ሳሉ የጀመራት በክረምት ነው። ብርድ ነው ተባለ። ዳማከሴ ተጨምቆ ተሰጣት፣ ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ቀመሰች፣ ክሊኒክ ሄዳ የሳንባ ምች ነው ተብላ ኪኒን ዋጠች። መስቀል አልፎም ሳሉ አልሄደም። ድሮ የውኃ ባልዲ በሁለት እጇ አንጠልጥላ እያንጎራጎረች የምትወጣውን ዳገት፣ ባዶ እጇን ግማሹ ላይ ቆማ ትንፋሽ ትለምን ጀመር። አክታዋ ላይ ደም ያየችው ሮሐ ናት። ሮሐ ከሰፈሩ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነች፤ ልጆቹን ለባልደረባዋ ትታ በዚያው ቀን እናቷን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይዛት ሄደች።

እዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ ሲጋራ ያጨሱ እንደሆነ ነበር። የዓለምወርቅ ሳቋ መጣ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀይሮ ወንበር እስኪይዙላት ድረስ። ሻማ ሲጠፋ ጭሱን ሽሽት ፊቷን የምታዞር ሰው መሆኗን ለሐኪሙ ነገረችው። ባለቤትዎስ? እሱማ ሱረት እንኳ ስቦ አያውቅም፣ ነፍሱን ይማረውና። ቀጥሎ ነርሷ ያንኑ ጠየቀች። ራጅ የሚያነሳው ልጅ ጠየቀ። ናሙና የወሰደው ሌላው ሐኪም ደግሞ፣ እናቴ ከእኔ መደበቅ አያስፈልግም ብሎ ሲጀምር የዓለምወርቅ መሳቋን ትታ ነበር። ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ መስኮቱን እያየች፣ እኔን ምን አድርጋለች ብለው ነው የሚጠረጥሩኝ ብላ ልጇን ጠየቀቻት።

ውጤቱ የደረሰ ዕለት ሐኪሙ ከቤተሰብ ማን አለ ብሎ ሮሐን ብቻዋን ጠራት። የሳንባ ካንሰር ነው፣ ወደ አከርካሪዋም ሄዷል አላት። ሮሐ ሌላ ነገር መናገር አልቻለችም፤ እናቴ አጭሳ አታውቅም፣ አጭሳ አታውቅም እያለች ደጋገመችለት፣ ስህተቱን የሚያርመው ይመስል። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ዓይኑን ከወረቀቱ አንሥቶ፣ ያላጨሰ ሰውም እንደሚይዘው፣ ለምን እሷን እንደያዛት ግን እንደማያውቅ በግልጽ ነገራት። ቢዋሻት ይሻላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ምክንያት ፍለጋ ብቻዋን አበደች፦ በልጅነታቸው ቤት ውስጥ ሲንቦገቦግ የኖረው የላምባ ምድጃ፣ የዊንጌት መንገድ የመኪና ጭስ፣ እናቷ በልጅነቷ ያነደደችው የባሕር ዛፍ ቅጠል። አንዱም አልያዘላትም። በዛፍ መካከል የዋለች ሴት፣ ከተማው ሁሉ አየር ልቀበል ብሎ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሄድበት ቦታ ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት፣ ሳንባዋ ይታመም?

ለእናቷ ቁስለት ነው ብላ ዋሸቻት። ይድናል፣ ረጅም መድኃኒት ይፈልጋል አለቻት። ግን ሐኪሙ፣ ታማሚዋ ምን እንደያዛት ሳታውቅ ያንን ከባድ መድኃኒት በደም ሥሯ አልሰጥም፣ ንገሯትና አምጧት አለ። ሮሐ አንድ ሳምንት በየማታው ልትናገር አፏን እየከፈተች ስለ ተማሪዎቿ አወራች። ሲጨንቃት ወደ ጋሽ ስብሐት ቤት ሄደች። ከእሷ ጋር የሄደችው ጀዊሪያ ናት፤ ጀዊሪያ ከቤታቸው ማዶ ሱቅ ያላት፣ ከየዓለምወርቅ ጋር ልጆቿን አብራ ያሳደገች፣ የረመዳንና የፋሲካን ሰሃን የተለዋወጠች ጎረቤት ነች። ጋሽ ስብሐት ሁሉንም ሰሙ። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፣ እንደገና ጠረጉ።

«እንዲህ ያለውን ነገር እኮ...» አሉ፣ «የዓለምወርቅን ነበር የምንልከው።»

ሰፈሩ ክፉ ወሬን ሁሉ ለአንዲት ሴት አሸክሞ፣ እንዴት እንደሚነገር ሌላ ሰው ሳይማር ቀርቷል። የሚያውቁት አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ እሱም የእሷው ነው። እንግዲህ በራሷ ሥርዓት እንንገራት ተባባሉ። አክብሮት መስሏቸው ነው። ምን እያደረጉ እንደሆነ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ቆም ብሎ አላሰበም።

ማታ ጀዊሪያ የምስር ሾርባና ሽሮ ሠርታ አመጣች። የዓለምወርቅ የምግብ ፍላጎቷ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ሮሐ ግን በግድ አጎረሰቻት። ስልክሽ ባትሪው ያልቃል፣ እኔ ጋ ላድርገው ብላም ወሰደችባት። ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ስብሐት ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ጀዊሪያ መጥታ አልጋው ላይ ከቀኟ ተቀመጠች፣ ሮሐ ከግራዋ።

የዓለምወርቅ አንድ በአንድ አየቻቸው። ባርኔጣውን አየች፣ ግራና ቀኟን አየች፣ የማታዋን ጉርሻ አስታወሰች፣ ስልኳን በእጇ ፈልጋ አጣችው። ልጇ ዮፍታሔ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከትናንት ወዲያ ከአዳማ ተነሥቶ መንገድ ላይ ነበር።

«ልጄን የት ላይ ነው ያገኛችሁት?» አለች።

ጋሽ ስብሐት ደነገጡ። አይደለም፣ እሱ አይደለም ለማለት ሞከሩ፤ ቃሉ ግን ተኮላተፈባቸው። እሷ ደግሞ መርዶ ነጋሪ ሲደነግጥ «አይደለም» እንደሚል፣ ቃሉም እንደማይታመን ታውቃለች። አልጮኸችም። ደረቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ መኪናው ተገልብጦ ነው ወይስ ተጋጭቶ፣ ፊቱ ደህና ነው ወይ፣ ሃና ሰምታለች ወይ እያለች ትጠይቃቸው ጀመር። ሃና የዮፍታሔ ሚስት ናት። ሮሐ የእናቷን ፊት በመዳፎቿ ይዛ ወደራሷ አዞረችው።

«እማዬ፣ ዮፍታሔ ደህና ነው። አሁን ላገናኝሽ እችላለሁ። የመጣነው ስለ አንቺ ነው። ካንሰር ነው ያለብሽ። ሳንባሽ ላይ።»

«እኔ?»

«አዎ።»

«እኔ ብቻ?»

«አንቺ ብቻ፣ እማዬ።»

የዓለምወርቅ ከአልጋዋ ወርዳ ወለሉን ሳመች። ተመስገን፣ ተመስገን አምላኬ እያለች እንባዋ ይወርድ ነበር። ጋሽ ስብሐት ግድግዳ ይዘው አለቀሱ፣ ጀዊሪያ አለቀሰች። ሮሐ ግን ማልቀስ እንኳ አልቻለችም፤ እናቷ በራሷ ሞት ስታመሰግን ማየት ከሐኪሙ ቃል ሁሉ የበለጠ ልቧን ሰበረው። ስልክ ተደውሎ ዮፍታሔ ከመንገድ ላይ ሲያነሣ የዓለምወርቅ ያለችው፣ ቁርስ በላህ ወይ ብቻ ነው።

የራሷ መርዶ የገባት ከሰዓት በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ሳለ ድንገት እንደ ልጅ ታለቅስ ጀመር። ለምን እኔ አላለችም፤ ምን አድርጌ ነው አለች። ሰው የማያውቀውን ጥፋት እየፈለገች ስንት ዓመት ወደኋላ ሄደች። ሮሐ ስታቅፋት አጥንቷን ብቻ ያቀፈች መሰላት።

ወሬው በሰፈር ሲዛመት ሐሜቱ ተከተለ። አንዳንዱ ከንፈሩን መጥጦ፣ አንዳንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በድብቅ ታጨስ ኖሯል አለ። ስንት ሰው በእጇ ደግፋ ያስለቀሰች ሴት ናት፤ አፉ ያለ ሥራ የዋለ ሰው ግን ምን ያግደዋል! ከሁሉ ይበልጥ የተጎዳችው ጀዊሪያ ናት። ሱቋ ውስጥ ሲጋራ በፍሬ ትሸጣለች፤ ገዢው እዚያው መስኮቱ ሥር ለኩሶ ይቆማል፤ የዓለምወርቅ ደግሞ ከሥራ ስትመለስ ስንት ዓመት እዚያው ዱካ ላይ ተቀምጣ ከእሷ ጋር ስታወራ አምሽታለች። ጀዊሪያ ፓኮዎቹን ከመደርደሪያ አውርዳ ጥግ ላይ ጣለችና መጥታ የዓለምወርቅ እግር ሥር ተቀመጠች። ወላሂ የዓለሜ፣ ከእኔ ይሆን እንዴ አለቻት።

የዓለምወርቅ ሳቀችባት። ካወረድሽ አይቀር አንዷን አምጪልኝ፣ ከታማሁ አይቀር ልያት አለች። ጀዊሪያ ሄዳ አመጣችላት። የዓለምወርቅ ሲጋራዋን በጣቶቿ አገላበጠቻት፣ አሸተተቻት፣ አፍንጫዋን አጨማደደች፤ ስትሰብራት ትምባሆው ጭኗ ላይ ፈሰሰ። ለዚህች ነው እንዴ ስሜን ያጠፉት ብላ ቀሚሷን አራገፈች። ቀጥላም፣ ከአንቺ ቢሆንማ ምነው ደስ ባለኝ፣ ቢያንስ ምክንያቱን አውቄ እሞት ነበር አለቻት። ጀዊሪያ ከዚያ ቀን ወዲህ ሲጋራ አልሸጠችም።

መድኃኒቱን ጀመረች። ጸጉሯ ረገፈ፣ ምላሷ ቆሰለ። ሲሻላት ሮሐ በታክሲ ወደ ማዕከሉ ወስዳት ችግኞቿን አሳየቻት፤ እነሱ ጉልበት ድረስ ደርሰዋል። እንጦጦ ማርያምም ወስዳት ጠበል አስጠምቃታለች። ሐኪሙንም ማርያምንም አላስቀየመችም፤ የሁለቱንም እንደታዘዘችው ወስዳለች። ግን ወደ ጥር መጨረሻ መድኃኒቱ እንዳልያዘ ተነገራት፣ ያን ጊዜ በቀጥታ ለእሷው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀራት፤ ዮፍታሔ መታመሟን ያውቃል፣ ስትሞት ግን ማን ይነግረዋል?

«አንቺ ነሽ» አለቻት ሮሐን። ሮሐ አልችልም አለች። ጋሽ ስብሐት ይንገሩት፣ ማንም ይንገረው አለች። የዓለምወርቅ ግን የጋሽ ስብሐትን አነጋገር ቀምሳዋለችና ለልጇ አልተመኘችውም። በስልክ እንዳይሰማ ብቻ ነበር የምትለምነው። በስልክ እንዳይሆን፣ መንገድ ላይ መሪ እንደያዘ እንዳይሆን፣ ባዶ ሆዱን እንዳይሆን።

አንድ ቀን ትራስ ደግፋ ተቀመጠችና ሮሐን ከፊቷ አስቀመጠቻት። እኔ ዮፍታሔ ነኝ፣ እስቲ ንገሪኝ አለቻት።

ሮሐ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። እናቷ ጠበቀቻት። እጄን ያዢው መጀመሪያ አለቻት። ሮሐ የሞቀውን፣ የሳሳውን እጅ ያዘች። «እማዬ...» አለች፣ እዚያ ላይ ቆመች።

«ጨርሺው።»

«እማዬ አረፈች።»

የዓለምወርቅ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ቶሎ ቶሎ አልሽው፣ ረጋ በይ አለች። ሮሐ እያለቀሰች፣ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ምን ላድርገው አለቻት። እናቷ ጉንጯን ጠረገችላት። «ይንቀጥቀጥ» አለች። «የእኔ መች ሳይንቀጠቀጥ ቀርቶ ያውቃል? እንደገና በይው።» ሮሐ እንደገና አለችው። እናቷ ሕያው ሆና እየሰማቻት፣ መሞቷን ደጋግማ ነገረቻት።

ያረፈችው በዐቢይ ጾም ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጀዊሪያ ከቀኟ ሮሐ ከግራዋ ተቀምጠው ሳለ ነው። ሰፈሩ ማድረግ ያለበትን አልረሳም። ዮፍታሔ እስኪነገረው ድረስ ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ጎረቤቱ አፉን በነጠላ አፍኖ ነው ያለቀሰው። ጋሽ ስብሐት ስልክ የሚደውል እንዳይኖር ቤት ለቤት እየዞሩ አስጠነቀቁ። ዮፍታሔ በዚያን ቀን ከጅቡቲ ተመልሶ አዳማ ቤቱ ገብቷል። ሮሐ ለሃና ብቻ ደወለች። ስልኩን ከእጁ አውጪ፣ እራት ይብላ፣ እባክሽ ይብላ አለቻት።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል የጀዊሪያ ወንድም መኪና አዳማ ደጁ ላይ ቆመ። ሮሐና ጀዊሪያ ነጠላና ሻሻቸውን እንደ ወትሮው አድርገው ወረዱ። የግቢው በር ክፍት ነበር። ዮፍታሔ ጋቢ ለብሶ በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ እንቅልፍ በዓይኑ እንዳልዞረ ያስታውቃል። እህቱን አያት፣ ጀዊሪያን አያት፣ ከመቀመጫው አልተነሣም።

«በልቻለሁ፣ ሮሐ» አላት። «ሃና ማታ ጨርስ፣ ጨርስ ስትለኝ ገባኝ። እማዬ ትጠይቃለች ብዬ አንድም ሳላስቀር በልቻለሁ።»

ጀዊሪያ ዞራ ከቀኙ ተቀመጠች። ሮሐ ከግራው ተቀምጣ እጁን ያዘች፣ ረጋ ብላም ነገረችው። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ እሷም ተወችው።